ማኅበራዊ ዋስትና

በአገራችን ይህ ቃል ሲነሳ ብዙዎቻችን የምናስበው ጡረታን ነው። የአውሮፓ ኅብረት የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት ዩሮስታት አገሮችን ሲያወዳድር ግን ሕክምናን፣ የሥራ አጥ ድጎማን፣ የልጆች አበልን፣ የቤት ኪራይ ድጋፍንም አብሮ ይቆጥራል። በዚህ ስሌት በ2022 ፈረንሳይ ከአጠቃላይ አገራዊ ምርቷ ሲሶ ያህሉን ስታወጣ፣ አየርላንድ ያወጣችው 12 በመቶ ገደማ ነበር። ይህን አይቶ አየርላንድን ጨካኝ ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው፤ ምርቷን ያገዘፈው እዚያ የሚመዘገበው የውጭ ኩባንያዎች ትርፍ ነው፤ ሕዝቧም ከፈረንሳይ ይልቅ ወጣት ነው። ዴንማርክ ደግሞ ከምትከፍለው ጡረታና የሥራ አጥ ድጎማ ላይ ግብር ትቆርጣለች። በዚህ ስሌት የሚቆጠረው ግብር ሳይቆረጥ ያለው ሙሉ ክፍያ ነው፤ ጡረተኛዋ እጅ የሚገባው ግን የተጣራው ብቻ ነው፤ ስለዚህ ንጽጽር ሲቀርብልኝ በቅድሚያ የምጠይቀው ቁጥሩ ግብር ከመቆረጡ በፊት ያለው ነው ወይስ በኋላ የሚለውን ነው።