«የብረት ክምር»፦ በሪያድ ያገለገለ መኪና የመግዛትና የመመርመር ታሪክ

«ሐራጅ» ከዐረብኛ የወሰድነው ቃል ነው፤ «ደላላ»ም እንዲሁ። አገር ቤት ሳለን ባንክ የያዘው ቤት ወይም ጉምሩክ የወረሰው ዕቃ ሲሸጥ ጋዜጣ ላይ የሐራጅ ማስታወቂያ እናነብ ነበር። ሪያድ ስንመጣ ቃሉን ከነባለቤቱ አገኘነው። በደቡብ በሺፋ፣ በምሥራቅ በቀዲሲያ በኩል ያሉት የመኪና መሸጫ ሰፈሮች ሲነሱ አብሮ የሚነሳ አንድ አነጋገር አለ፦ «ኮመት ሐዲድ»። የብረት ክምር ማለት ነው። ሻጩ «የምሸጥልህ መኪና አይደለም፣ የብረት ክምር ነው፤ ነገ ሞተሩ ቢቆም፣ ካምቢዮው እንቢ ቢል እኔ ጋ እንዳትመጣ» እያለ ነው። ገዢው እሺ ብሎ እጁን ከመታ በኋላ ጣጣው የራሱ ይሆናል፤ ቢያንስ ሻጩ እንዲያ ይላል።

እኔ እዚሁ ሪያድ በአንድ ጋራዥ፣ እነሱ እንደሚሉት በአንድ ወርሻ፣ መሥራት ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። ከወገኖቻችን በተለይም ከወጣቶቹ ደጋግሞ የሚመጣብኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ «አንዲት ጎልፍ ጂቲአይ አግኝቻለሁ፤ ዋጋዋ ደህና ነው፤ ልግዛት?» ለዚህ ጥያቄ አዎ ወይም አይ ብሎ መመለስ አይቻልም። የገበያውንም የመኪናዋንም ታሪክ ማወቅ ግን ብዙ ያግዛል። ገዢው ለምን በዓይኑ ማየት እንዳለበት የሚያስረዳው የገበያው ታሪክ ነው፤ ዓይኑን የት ላይ መጣል እንዳለበት የሚናገረው ደግሞ የመኪናዋ ታሪክ ነው።

ከገበያው እንጀምር። አባቶቻችን በቅሎ ሲገዙ በውጭ አምሮቷ አይረኩም ነበር። ጥርሷን ገልጠው ዕድሜዋን ያያሉ፤ ሰኮናዋን ያነሳሉ፤ ኮርቻውን አስወርደው ጀርባዋን ይዳስሳሉ። ገጣባ የሚደበቀው ኮርቻ ሥር ነውና። በዐረቡም ዓለም እንዲሁ የሚታወቅ የቆየ ታሪክ አለ። ነቢዩ ሙሐመድ በገበያ ሲያልፉ አንድ የእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን ቢከቱ ጣታቸው እርጥበት አገኘ። ዝናብ የመታውን እህል ሰውየው ለምን ሰው እንዲያየው ከላይ እንዳላደረገው ጠየቁት፤ ማታለሉንም ነቀፉ። እንግዲህ ክምር ውስጥ እጅ መክተት ዛሬ ኮፈን ከፍቶ እንደማየት ያለ ነው።

ነገሩን በዘመናችን በትምህርት ቋንቋ ያስረዳው አሜሪካዊው የኢኮኖሚ ሊቅ ጆርጅ አከርሎፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ጽሑፍ የመረጠው ምሳሌ ያገለገለ መኪና ነበር። አሜሪካኖች ችግረኛ መኪናን «ሎሚ» ይሏታል። ሻጩ መኪናው ሎሚ መሆን አለመሆኑን ያውቃል፤ ገዢው አያውቅም። ገዢው ስለሚፈራ ዋጋ ይቀንሳል፤ ዋጋው ሲቀንስ ደህና መኪና ያለው ሰው «በዚህ ዋጋስ አልሸጥም» ብሎ ከገበያ ይወጣል፤ ሎሚው ይቀራል። ይህን ጽሑፍ ሦስት መጽሔቶች መልሰውበት ነበር፤ በ2001 ግን የኖቤል ሽልማት ካስገኙለት ሥራዎች ዋናው ሆነ። ጽሑፉ ከወጣ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1972፣ አሜሪካ የኪሎ ሜትር ቆጣሪን ወደ ኋላ መመለስ በፌዴራል ሕግ ከለከለች። ሕግ መውጣቱ ራሱ ሥራው የቱን ያህል የተለመደ እንደነበር ይናገራል።

አሁን ወደ መኪናዋ እንምጣ። እኛ «ቮልስ» ብለን በፍቅር የምናውቃት መኪና ሠሪ ቮልስዋገን እ.ኤ.አ. በ1976 ጎልፍ ጂቲአይን ለገበያ አወጣ። ሐሳቡ ቀላል ነበር። ኋላዋ ቁርጥ ያለች፣ ቤተሰብ የሚጭን፣ የአዲስ አበባ ሰው በቪትዝ የሚያውቃት ዓይነት ትንሽ መኪና ትወሰድና ጉልበተኛ ሞተር ይገጠምባታል። የመጀመሪያዋ ሞተር 1.6 ሊትር ሆኖ 110 የፈረስ ጉልበት ነበረው። ኩባንያው 5,000 ያህል ብቻ ለመሥራት አስቦ ነበር፤ የዚያ ትውልድ ሽያጭ ግን ከ400 ሺህ አለፈ። በ1984 ፔጆ 205 ጂቲአይን ይዞ መጣ፤ ሌሎቹም ተከተሉ። እንግዲህ ይህ ዓይነት መኪና ከተወለደ ጀምሮ ሁለት ጠባይ አለው፦ ገንዘብ የሌለው ወጣት ሊደርስበት የሚችል ፈጣን መኪና ነው፤ በዚያው ልክ ብዙ ወጣት እጅ ላይ ተረግጦ ያረጀ መኪና ነው። ሦስተኛ ወይም አራተኛ ገዢ ሆናችሁ ስትመጡ የምትገዙት የቀደሙትን ሰዎች እግር ጭምር ነው።

በሪያድ ይህ የበለጠ ይከብዳል። ከ1970ዎቹ ጀምሮ በዚህች ከተማ ሰፊ ጎዳናዎች ላይ «ተፍሒጥ» የሚባለው፣ መኪናን በፍጥነት እያንሸራተቱ የማሽከርከር ልማድ አለ። ፓስካል ሜኖሬ የተባለ ፈረንሳዊ ተመራማሪ በ2014 ስለዚሁ መጽሐፍ አሳትሟል። ዛሬ ቅጣቱ ከባድ ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የተያዘ 20,000 ሪያል ከመቀጣቱም በላይ መኪናው ይያዝበታል። ጨዋታው የሚታወቀው ይበልጥ በሌሎች መኪኖች ቢሆንም፣ ጎማዋ በአንድ ወገን የተበላ፣ አሞርዛቶሪዋ የላላ ፈጣን መኪና ስታዩ ማን ሲነዳት እንደኖረ ለመጠየቅ በቂ ምክንያት አላችሁ። በዚያ ላይ ሙቀቱ አለ። ከ45 ዲግሪ በላይ በሚወጣ በጋ ቱርቦ ያለው ሞተር ዘይቱ በጊዜው ካልተቀየረ፣ ፕላስቲክና ጎማ ክፍሎቹ ካልታዩ ቶሎ ያረጃል።

የትውልዶቹ ታሪክ ደግሞ እንከኑን በየቦታው ያሳያል። አምስተኛው ትውልድ እ.ኤ.አ. በ2004 በ2.0 ሊትር ቱርቦ ሞተርና በ200 የፈረስ ጉልበት ወጣ። በዚያ ሞተር ላይ ነዳጅ በከፍተኛ ግፊት የሚልከውን ፓምፕ የምትገፋ አንዲት ትንሽ የብረት ቆብ አለች። እየተበላች ትሄድና ስትበሳ ፓምፑንም ካምሻፍቱንም ይዛ ትሄዳለች። ሻጩን «ይቺን መቼ አየሃት?» በሉት፤ መልስ ከሌለው ከመግዛታችሁ በፊት አስፈትታችሁ እዩ። በስድስተኛው ትውልድ ላይ የተገጠመው ሞተር የታይሚንግ ቀበቶን ትቶ ሰንሰለት ያዘ። እስከ 2012 አካባቢ በተሠሩት ላይ ሰንሰለቱን የሚወጥረው ክፍል ደካማ ነበር። ሲለቅ ሰንሰለቱ ይዘላል፤ ፒስተንና ቫልቭ ይጋጫሉ፤ ቴስታው ይወርዳል። በሰባተኛው ትውልድ ሰንሰለቱ ተሻሻለ፤ የውሃ ፓምፑና የቴርሞስታቱ ፕላስቲክ ቤት ግን ውሃ ማፍሰስ አመጣ።

አንድ የአገር ልጅ ከሁለት ዓመት በላይ ያጠራቀመውን 24,000 ሪያል ይዞ ስድስተኛውን ትውልድ ገዛ። ሻጩ መኪናዋን አስነስቶ፣ አሙቆ፣ አጥቦ ነበር የጠበቀው። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጠዋት ሲያስነሳት የብረት ማሰሮ ውስጥ ጠጠር እንደሚንኳኳ ያለ ድምፅ ሰማ፤ ቀጥላ ቆመች። ወደኛ በጭነት መኪና መጣች። ሰንሰለቱ ዘሎ ነበር። ያ ድምፅ በየጠዋቱ ይሰማ እንደነበር አልጠራጠርም፤ የሞቀ ሞተር ግን ይደብቀዋል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምርመራ መሣሪያ አይጠይቅም። ከሻጩ ጋር ለጠዋት ተቀጣጠሩ፤ «ሳልመጣ እንዳታስነሳት» በሉት። ስትደርሱ ኮፈኑን በመዳፋችሁ ንኩ። ከሞቀ ምክንያቱን ጠይቁ፤ አለዚያም ሌላ ቀን ተመለሱ። ከቀዘቀዘ አስነሱና የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ሴኮንዶች በጆሯችሁ ተከታተሉ፤ የሰንሰለት መንኳኳት የሚሰማው ያኔ ነው። ከማርሚታው የሚወጣውን ጭስ እዩ፤ ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየተቃጠለ ነው። የዘይቱን መለኪያ ዘንግ ሳቡ፤ የራዲያተሩን ውሃ መጠን እዩ፤ በሞተሩ ጎን የደረቀ ሮዝ ቅርፊት ካለ ውሃ እያፈሰሰ እንደኖረ እወቁ።

ቀጥሎ ካምቢዮው ነው። ፍሪሲዮን ሳይረገጥ ራሱ የሚቀይረው፣ ባለ ሁለት ፍሪሲዮኑ ዲኤስጂ፣ ለዚህች መኪና ጌጧም ወጪዋም ነው። ባለ ስድስት ማርሹ ዘይቱና ማጣሪያው በየ60,000 ኪሎ ሜትሩ መቀየር አለበት። ደረሰኙን ጠይቁ። በመንገድ ላይ በዝግታ ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ስትሄድ ብትንቀጠቀጥ፣ ኋላ ማርሽ ስታስገቡ ቆማ አስባ ብትሄድ ዋጋው ላይ አትከራከሩ፤ ትታችሁ ሂዱ።

አካሏን ስታዩ በኮፈኑና በፓራፋንጎው፣ በበሮቹ መካከል ያለው ክፍተት እኩል መሆኑን አስተውሉ። የፓራፋንጎው ብሎን ቀለሙ ከተላጠ ተፈትቶ ነበር ማለት ነው። ትንሽ ማግኔት በጨርቅ ጠቅልላችሁ ላሜራው ላይ አስጠጉ፤ ካልያዘ ሥሩ ስቱኮ አለ። የሻንሲ ቁጥሩን በመስታወቱ ሥር፣ በበሩና በኢስቲማራው ላይ አንድ በአንድ አመሳክሩ። «ዋሪድ አምሪኪ» ከተባላችሁ ይበልጥ ተጠንቀቁ፤ አሜሪካ ውስጥ ተጋጭታ በኢንሹራንስ የተጣለች መኪና ተጠግና እዚህ መሸጧ የተለመደ ነው።

አንዳንዱ ወገን «ፈሕስ ደውሪ አልፋለች እኮ» ይላል። ይህ መንግሥት ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የሚያስደርገው ምርመራ ከአገራችን የቦሎ ምርመራ ጋር ይመሳሰላል። ፍሬን፣ መሪ፣ መብራት፣ ጎማ፣ ጭስ ያያል፤ መኪናዋ ለመንገድ አደጋ አለመሆኗን ይናገራል። ስለ ሰንሰለቷና ስለ ካምቢዮዋ ዕድሜ ግን የሚለው ነገር የለም። ለዚያ «ሙጀዝ» የሚባለውን የመኪና ታሪክ ሪፖርት በሻንሲ ቁጥሩ አውጡ፤ የተመዘገበ ግጭትና ኪሎ ሜትር ካለ ይታያል። ከዚያም ሻጩ ባልመረጠው ወርሻ በኮምፒዩተር አስፈትሹ። ባለሙያውን የተመዘገበው ጥፋት ብቻ ሳይሆን የመኪናዋ የራሷ የውስጥ ፍተሻዎች ተጠናቀው እንደሆነ ጠይቁት። ጥፋት የሌለባት፣ ፍተሻዎቿ ግን ያልተጠናቀቁ ከሆነ ማስጠንቀቂያው በቅርቡ ተሰርዞ ሊሆን ይችላል።

ለእኛ ለስደተኞች ይህ ሁሉ ከሌላው ሰው ይልቅ ይከብዳል። መኪናዋን ወደ አገር ቤት ይዘን እንሂድ እንዳንል፣ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ኢትዮጵያ በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከልክላለች። እዚህ የገዛነውን እዚሁ መሸጥ አለብን፤ ብዙ ጊዜም በጥድፊያ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2013 በመንፉሃ የሆነውን የምታስታውሱ ታውቁታላችሁ፤ በዚያን ጊዜ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ተመለሱ። ኹሩጅ ኒሃኢ የተመታበት ሰው ዋጋ ለመከራከር ጊዜ የለውም። ዛሬ ገዢ የሆነው ወንድማችን፣ ከ2018 ወዲህም መንጃ ፈቃድ ያወጣችው እህታችን፣ ነገ ሻጭ ናቸው።

ሕጉ ቢሆን ሻጩን ሙሉ በሙሉ አይለቀውም። የ1952ቱ የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ እንዲሆን ይደነግጋል፤ ሳዑዲም በታኅሣሥ 2023 ሥራ ላይ ያዋለችው የፍትሐ ብሔር ግንኙነቶች ሕግ ስለ ድብቅ እንከን ይናገራል። እያወቁ እንከን ደብቆ «ኮመት ሐዲድ» ብሎ ማምለጥ በሃይማኖት ሊቃውንቱም ዘንድ የተነቀፈ ነው። ፍርድ ቤት ለመቆም ግን ጊዜ፣ ኢቃማና ቋንቋ ያስፈልጋል፤ የቀዘቀዘ ኮፈን መንካት ምንም አያስፈልገውም።

እርስ በርሳችን ስንሸጥማ ከዚህም የቀለለ መንገድ አለ። ሰንሰለቱ መቼ እንደተቀየረ፣ የካምቢዮው ዘይት በስንት ኪሎ ሜትር እንደፈሰሰ፣ የት እንደተጋጨች በአንድ ወረቀት ጽፋችሁ ከኢስቲማራው ጋር ለገዢው ስጡት። ዋጋው ትንሽ ቢቀንስ ይቀንስ፤ ገዢያችሁ እኮ ዓርብ ዓርብ የምታገኙት የአገራችሁ ልጅ ነው።