አራዳ ላይ የቆመው ሐዲድ

ከቃሊቲ ተነሥቶ ሽቅብ የሚመጣው የቀላል ባቡር መስመር በዳግማዊ ምኒልክ አደባባይ ያበቃል፤ ፓርላማውና ዩኒቨርሲቲው ያሉበት አራት ኪሎ ያለ ሐዲድ ቀርቷል። ለዚሁ መስመር ሲባል በ2005 ዓ.ም. የሰማዕቱ የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ከስፍራው ተነሥቶ በ2008 ዓ.ም. መመለሱ ይታወሳል። ስለ ሐውልቱ ብዙ ተባለ፤ የሚባልም ነበር። ስለ መለዋወጫ ዕቃ ግን የዚያን ሩብ ያህል ክርክር አልተሰማም።

የሁለቱ መስመሮች ወጪ 475 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን፣ 85 በመቶው ከቻይና ኤክስፖርት ኢምፖርት ባንክ የተገኘ ብድር ነው። የመጀመሪያው መስመር መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሲከፈት ታሪፉ እንደ ርቀቱ ከ2 እስከ 6 ብር ተወሰነ። እንግዲህ ብድሩ በዶላር፣ መለዋወጫው በዶላር፣ ገቢው በብር ሆነ፤ ከ41ዱ ባቡሮችም አብዛኞቹ አሥር ዓመት ሳይሞላ በመለዋወጫ እጦት ቆሙ።

ታሪፉን ዝቅ ማድረጉ በእኛ እምነት አያስወቅስም፤ የቀን ሠራተኛውን ከሥራው የሚያደርስ ነውና። ይሁን እንጂ ጉድለቱን በየዓመቱ የሚሸፍን የውጭ ምንዛሪ ከግንባታው ውል ጋር አብሮ መታሰብ ነበረበት። ምርቃት ሹምን በአንድ ቀን ያስመሰግናል፤ የጥገናው ሂሳብ የሚመጣው እርሱ ከወንበሩ ከተነሣ በኋላ ነው።

በ1935 ዓ.ም. የተመሠረተው አንበሳ አውቶቡስ ሰው ወደ ሰፈረበት መስመሩን ሲቀይር ኖሯል። ሐዲድ ይህ ዕድል የለውም። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ነባር ሰፈሮች ለኮሪደር ልማት ፈርሰው ነዋሪዎቹ ወደ ከተማው ዳርቻ ሲዛወሩ፣ የአደባባዩ ጣቢያ ከጎረቤት ተሳፋሪዎቹ ብዙዎቹን አጣ፤ ብድሩ ግን እንደ ቀድሞው በዶላር ይቆጠራል።