የኩላሊት ጠጠርና የሰቆጣ ውሃ

የኩላሊትና የፊኛ ጠጠር ለሰው ልጅ አዲስ ደዌ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1901 በላይኛው ግብፅ፣ በኤል ዐምራ፣ ከጥንታዊ መቃብር የተገኘው የፊኛ ጠጠር ዕድሜው ከ6,000 ዓመት በላይ እንደሚሆን ተገምቷል።

አብዛኛው የኩላሊት ጠጠር የሚፈጠረው በሽንት ውስጥ ያለው ካልሲየምና ኦክሳሌት ሊሟሟ ከሚችልበት መጠን ሲያልፍ ነው፤ በውሃ ማሞቂያ ውስጥ ቅርፊት እንደሚጋገረው ማለት ነው። ስለዚህም ሐኪሞች ለረጅም ዘመን ሕመምተኛውን ከወተት ይከለክሉት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 ይፋ የሆነው የኢጣልያ የአምስት ዓመት ሙከራ ግን ይህን ምክር አፈረሰው። ጠጠር በተመላለሰባቸው 120 ወንዶች መካከል፣ ካልሲየም ሳይቀንሱ ጨውንና ሥጋን ያሳነሱት፣ ካልሲየም ከተከለከሉት ይልቅ ደዌው የተመለሰባቸው በግማሽ ያህል ያነሱ ሆነው ተገኙ። ካልሲየም ኦክሳሌትን በአንጀት ውስጥ ይዞ ያስቀረዋልና።

ከምግቡ ሁሉ የሚቀድመው ግን ውሃ ነው። ደጋው ወደ ተከዜ ቆላ በሚያዘቀዝቅበት በዋግ ኽምራ፣ ውሃ በጀርባ ተሸክሞ ለሚኖር ቤተሰብ «ብዙ ጠጡ» ማለት፣ ጉድጓድና ቧንቧ ካልተከተለው፣ ባዶ ቃል ነው። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. የሕፃናትን መቀንጨር ለማስወገድ የታወጀው የሰቆጣ ቃል ኪዳን ንጹሕ ውሃን ከምግብ ጋር አጣምሮ መነሣቱ ትክክል ነበር። የሐኪሙ ትእዛዝ የሚፈጸመው መሐንዲሱ ሥራውን ሲያደርስ ነው።