የስድስት ደቂቃ ዝና

እ.ኤ.አ. በ2006 ክረምት ላይ ነው። ፒያሳ አካባቢ ከነበሩት ኢንተርኔት ቤቶች በአንዱ ተቀምጬ፣ ባሕር ማዶ ያለ ወዳጄ «ይህን ሳታይ እንዳታድር» ብሎ የላከልኝን አንድ ቪዲዮ እጠብቃለሁ። መጠበቅ ያልኩት በምክንያት ነው። የዚያን ጊዜው መስመር ምስሉን በጭልፋ እየቀዳ ነበርና የሚያመጣው፣ ሰውየው አንድ እጁን አንስቶ ሁለተኛውን እስኪያነሳ ድረስ አንድ ብርጭቆ ሻይ ይጠጣ ነበር። ሒሳቡ ደግሞ በደቂቃ ይቆጠራል። ስድስት ደቂቃ ለሚፈጅ ጭፈራ የግማሽ ሰዓት ከፈልኩ፤ አልቆጨኝም።

መድረኩ ጨለማ ነው፤ አንድ ክብ ብርሃን ብቻ በርቷል። በብርሃኑ መካከል ጂንስ ሱሪና «ኦሬንጅ ክራሽ» የተባለው ለስላሳ መጠጥ ስም የተጻፈበት ካናቴራ የለበሰ ሰው ቆሟል። ቁመናው ዳንሰኛ አያሰኘውም፤ ባንክ ቤት ወረፋ ላይ ከፊታችሁ የቆመ ሰው ነው የሚመስለው። ሙዚቃው ሲጀምር ግን ያ ተራ ሰው ይጠፋል። ኤልቪስ ፕሪስሊ ሲዘፍን ጉልበቱ ይብረከረካል። ዘፈኑ ድንገት ተቆርጦ ቸቢ ቼከር ሲተካ ወገቡ ይጠመዘዛል። ቢ ጂስ ሲመጡ ጣቱ ወደ ሰማይ ይቀሰራል። እንዲህ እያለ የግማሽ ምዕተ ዓመት የአሜሪካ ጭፈራ በአንድ ሰው ሰውነት ላይ ያልፋል። አዳራሹም በሳቅ ይናወጣል።

ሰውየው ጀድሰን ላይፕሊ ይባላል። በኦሃዮ ግዛት ቢዩሳይረስ ከተባለች ከተማ የተገኘ፣ በየኮሌጁና በየጉባኤው እየዞረ ቀልድ እያዋዛ አነቃቂ ንግግር የሚያደርግ ሰው ነው። የንግግሩ ዋና ጉዳይ ለውጥ ነበር። ሕይወት እንደምትለዋወጥ፣ ሰውም ከእርሷ ጋር መለዋወጥ እንዳለበት ካስረዳ በኋላ፣ ለመደምደሚያ ያህል ይህን «ኢቮሉሽን ኦፍ ዳንስ» ማለትም «የዳንስ ዝግመተ ለውጥ» ብሎ የሰየመውን ጭፈራ ያሳያል። ለዓመታት በየመድረኩ ሲያቀርበው ያየው፣ በአዳራሹ የተገኘ ታዳሚ ብቻ ነበር። ሚያዝያ 6 ቀን 2006 ዩቲዩብ ላይ ሲለጠፍ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። ዩቲዩብ በ2005 የተመሠረተ፣ ገና በእግሩ ያልቆመ ድርጅት ነበር። ቪዲዮው በጥቂት ወራት ውስጥ በአሥር ሚሊዮኖች ተመልካች አግኝቶ፣ ለረጅም ጊዜ በዩቲዩብ እጅግ የታየው ቪዲዮ ለመሆን በቃ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር ጉግል ያንን ለጋ ድርጅት በ1.65 ቢሊዮን ዶላር ለመግዛት መስማማቱን አስታወቀ።

ውድ አንባቢያን፣ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ዓለም የወሰደው የንግግሩን ጭራ ነው። ሰውየው ብዙ ደክሞ ያዘጋጀው ቁም ነገር አዳራሽ ውስጥ ቀረ፤ ለምርቃት ያከላት ስድስት ደቂቃ ግን ምድርን ዞረች። በ2009 ሁለተኛውን ክፍል አቀረበ፤ ተመልካችም አላጣም፤ የመጀመሪያውን ያህል ግን አልሆነም። ፊቱንና ካናቴራውን የሚያውቅ ሕዝብ ሞልቷል። ስሙን የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው።

ታዲያ ያን ሁሉ ሰው ያሳቀው ምንድን ነው? በሰውየው የሳቁ አይመስለኝም። እያንዳንዱ ተመልካች በየሠርጉና በየትምህርት ቤት ጭፈራው ላይ የራሱን ሰውነት እንዴት እንዳወዛወዘ አስታውሶ በገዛ ራሱ የሳቀ ይመስለኛል። ላይፕሊ የጨፈረው የእርሱ ያልሆነውን ነው፤ አልደበቀውምም። ስሙን «ዝግመተ ለውጥ» ሲለው፣ እያንዳንዱ እርምጃ ከእርሱ በፊት አባት እንዳለው መመስከሩ ነው። እኔን ያስደነቀኝ ግን፣ አባት የምንላቸውም ቢሆኑ በተራቸው ተበዳሪዎች መሆናቸው ነው።

የመጀመሪያውን ዘፈን እንውሰድ። ኤልቪስ ሰኔ 5 ቀን 1956 በሚልተን በርል የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ «ሃውንድ ዶግ»ን እየዘፈነ ወገቡን ሲያወዛውዝ ጋዜጦች ተቆጡ፤ የሃይማኖት ሰዎችም አወገዙት። በጥር 1957 በኤድ ሱሊቫን ዝግጅት ላይ ሲቀርብ ካሜራው ከወገቡ በላይ ብቻ እንዲያሳየው ተደረገ። ይህን ሁሉ ታሪክ ያውቀዋል። ዘፈኑን ግን አስቀድማ በ1952 ያስቀረጸችው ቢግ ማማ ቶርንተን የምትባል ጥቁር አሜሪካዊት ድምፃዊት ነበረች። የተጻፈውም ለእርሷ ነበር። በጥቁሮች የሙዚቃ ሰንጠረዥ ላይ አንደኛ ሆኖ ሰንብቷል። ኤልቪስ በዘፈኑ ዓለምን ሲያናውጥ፣ እርሷ ያገኘችው ገንዘብ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም።

ትዊስትም እንደዚያው ነው። ዘፈኑን ደርሶ በ1959 ያወጣው ሃንክ ባላርድ ነው። ቸቢ ቼከር በ1960 ደግሞ ዘፈነው፤ በቴሌቪዥን ወጣ፤ አገሩም ወገቡን መጠምዘዝ ጀመረ። ዘፈኑ በ1960 አንደኛ ወጥቶ፣ በ1962 መጀመሪያ እንደገና አንደኛ ወጣ። ነገር ግን ያ ዝና ለቼከርም ሙሉ ደስታ አልሆነለትም። ሌላው ችሎታው ሁሉ በአንድ ጭፈራ መዋጡን ከዓመታት በኋላ ሲያማርር ተሰምቷል። ባላርድ ስሙን ተነጠቀ፤ ቼከር ከስሙ በቀር ሌላውን ሁሉ ተነጠቀ። የላይፕሊ ዕጣ ከዚህ ምን ያህል ይርቃል?

ያን ቀን ኢንተርኔት ቤት ውስጥ፣ ጭፈራው ማይክል ጃክሰን ዘንድ ሲደርስ፣ የእኔ ሐሳብ ከኦሃዮ ወጥቶ ወደ ሰፈራችን ኮበለለ። በ1980ዎቹ አጋማሽ ልጆች ሳለን፣ በዕድሜ የሚበልጠን አንድ የሰፈር ልጅ ነበር። ከቀበሌው አዳራሽ በረንዳ ላይ፣ የሲሚንቶው ወለል በሚያንሸራትትበት በኩል፣ ወደ ፊት የሚራመድ እየመሰለ ወደ ኋላ ይንሸራተት ነበር። ጫማውን አውልቆ በካልሲ ነው የሚያደርገው። ለእኛም በትዕግሥት አስተማረን። እኔ ያን እርምጃ እርሱ የፈጠረው መስሎኝ ኖርኩ። በኋላ ቪዲዮ ዴክ ያላቸው ጎረቤቶቻችን ቤት ማይክል ጃክሰንን ሳይ፣ ሰው በተሰበሰበበት «ይኼ የእኛን ልጅ ሰረቀው!» ብዬ ጮህኩ። እስከ ዛሬ የሚያስቁብኝ አሉ።

ካደግሁ በኋላ ነው ሌላውን ያወቅሁት። ማይክል ጃክሰን ያንን እርምጃ ለሕዝብ ያሳየው በግንቦት 1983 በተላለፈው የሞታውን 25ኛ ዓመት በዓል ዝግጅት ላይ ነበር። ከእርሱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ጄፍሪ ዳንኤል በእንግሊዝ ቴሌቪዥን አሳይቶታል። ከዚያም አርባ ዓመት ቀደም ብሎ፣ ቢል ቤይሊ የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ የታፕ ዳንሰኛ በ1943 በወጣ ፊልም ላይ ወደ ኋላ እየተንሸራተተ ከመድረክ ሲወጣ ይታያል። ቤይሊስ ከማን ተማረው? ምናልባት ካሜራ ካላየው፣ ከአንድ የሰፈር ልጅ።

እንግዲህ የዝና ጠባይ ይህ ይመስለኛል። ዝና የሚያርፈው እርምጃውን በፈጠረው ላይ አይደለም፤ ብርሃኑ ሲበራ መካከል ላይ በተገኘው ላይ ነው። በ1956 ብርሃኑ ቴሌቪዥን ነበር፤ በ2006 ዩቲዩብ ሆነ። ላይፕሊን ከሌሎቹ የምለይለት አንድ ነገር አለ፤ ብርሃኑ ሲያገኘው ብቻውን አልቆመም። የቀደሙትን ሁሉ በሰውነቱ ይዞ ገባ፤ ቀልድ አድርጎም ቢሆን አስታወሰን።

እኔስ? ስለ ቶርንተን፣ ስለ ባላርድ፣ ስለ ቤይሊ ተቆርቁሬ ይህን ሁሉ ከጻፍኩ በኋላ፣ ያስተማረኝን የሰፈራችንን ልጅ ስም ልጽፍ ብዕሬን አነሳሁ። የምናውቀው በቅጽል ስሙ ብቻ ነበር። እውነተኛ ስሙን ማን ብለን እንደምንጠይቅ እንኳ አላውቅም፤ ሰፈሩ ፈርሷል፣ ሰዉም ተበትኗል። እርምጃውን ወስጄ ስሙን ከጣሉት ሰዎች አንዱ እኔ ነኝ። እግሬ ግን ዛሬም፣ ሰው በሌለበት፣ በካልሲ ሆኜ ለስላሳ ወለል ሳገኝ፣ አልረሳውም።