የቦሮን ክላስተሮች ታሪክ፦ ከመርዛማ ጋዝ እስከ ብርሃን ተቀባይ ካታሊስት

የቦሮን ክላስተሮች የቦሮን አቶሞች እርስ በርስ ተሳስረው ባለ ብዙ ገጽ ቅርጽ የሚሠሩባቸው ውህዶች ናቸው። ታሪካቸው የኬሚስቶች ብቻ አይደለም፤ የሙያ በሽታንና የካንሰር ሕክምናን ስለሚነካ ለጤና ባለሙያውም ትምህርት አለው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የጥናቱ ፈር ቀዳጅ ጀርመናዊው ኬሚስት አልፍሬድ ስቶክ ነው። የቦሮንና የሃይድሮጂን ውህዶችን የሚመለከት የመጀመሪያ ውጤቱን በ1912 አሳተመ። እነዚህ ውህዶች መርዛማ ናቸው፤ ብዙዎቹም አየር ሲነካቸው በእሳት ይያያዛሉ፤ ውሃ ያፈርሳቸዋል። ስለዚህ ስቶክ አየር በማይገባበት የመስታወት ቱቦ ውስጥ መሥራት ነበረበት፤ የቱቦውንም መክፈቻና መዝጊያ በሜርኩሪ አዘጋጀ። በዚህ ዘዴ ከጋዞቹ ቢጠበቅም የሜርኩሪ ትነት ለብዙ ዓመታት ወደ ሰውነቱ ይገባ ነበር። ራስ ምታት፣ ማዞርና የማስታወስ ችሎታ መዳከም ሲያሠቃዩት ኖረው ምክንያቱ የታወቀው በ1924 ነው። በ1926 የሜርኩሪ ትነትን አደገኛነት ለሥራ ባልደረቦቹ በጽሑፍ አስጠነቀቀ፤ ከዚያ በኋላም እጅግ አነስተኛ የሜርኩሪ መጠን የሚለካበትን ዘዴ ለማሻሻል ደክሟል።

የጥናቱ አቅጣጫ የተለወጠው ውሃን የሚቋቋሙ ክላስተሮች ሲገኙ ነው። አሥራ ሁለት የቦሮን አቶሞች ሃያ ገጽ ያለው ጽኑ ቅርጽ ሊሠሩ እንደሚችሉ በ1955 በስሌት ተተነበየ፤ በ1960 ደግሞ አሜሪካውያኑ ፒቶኬሊና ሆውቶርን ውህዱን ሠርተው አሳዩ። እንደ ስቶክ ጋዞች የሚቀጣጠል ሳይሆን በውሃ የሚሟሟና ሙቀትን የሚችል ጨው ሆኖ ተገኘ። ዊሊያም ሊፕስኮምብ የቦሮንና የሃይድሮጂን ውህዶች አቶሞች እንዴት እንደሚተሳሰሩ በማስረዳቱ በ1976 የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል።

ይህ ጽናት ለሕክምና በር ከፈተ። ቦሮን 10 የተባለው አይሶቶፕ ኒውትሮን ሲውጥ ይሰነጠቃል፤ የሚወጡት ቅንጣቶችም ከ10 ማይክሮሜትር፣ ማለትም ከአንድ ሴል ስፋት፣ እምብዛም አይርቁም። ቦሮኑ በካንሰር ሴል ውስጥ ብቻ ቢከማች ጉዳቱ በዚያው ሴል ይወሰናል ተብሎ ታሰበ። ሐሳቡ በ1936 ቀረበ፤ በአሜሪካም ከ1951 ጀምሮ የአንጎል ዕጢ ባለባቸው ሕሙማን ላይ ተሞከረ። ውጤቱ አሳዛኝ ነበር፤ ቦሮኑ በደም ውስጥ በብዛት በመቅረቱ የጤናማው አንጎል የደም ሥሮች ተጎዱ፤ ሙከራውም በ1961 ተቋረጠ። ሂሮሺ ሃታናካ በ1968 በጃፓን ሕክምናውን እንደገና የጀመረው አሥራ ሁለት የቦሮን አቶሞች ባሉት፣ በውሃ በሚሟሟ ክላስተር ነው። ይሁንና ጃፓን በ2020 በቀዶ ሕክምና ሊወገድ ለማይችል የራስና አንገት ካንሰር የፈቀደችው መድኃኒት ክላስተር ሳይሆን በሞለኪውሉ አንድ ቦሮን ብቻ ያለው ነው።

ክላስተሮቹ ሌላም አገልግሎት ተገኘላቸው። በ1965 ሆውቶርንና ባልደረቦቹ ብረት ነክ አቶም በሁለት የቦሮንና የካርቦን ጎጆዎች መካከል የተያዘባቸውን ውህዶች ይፋ አደረጉ። ከእነዚህ አንዱ የሆነው የኮባልት ውህድ በ2020 በስፔን ተመራማሪዎች በውሃ ውስጥ በብርሃን የሚሠራ ካታሊስት ሆኖ ቀረበ። ውህዱ ብርሃን ከተቀበለ በኋላ ኤሌክትሮን ከአንዱ ሞለኪውል ወደ ሌላው ስለሚያሸጋግር፣ በጥቂት መጠን ብቻ አልኮሎችን ወደ ሌሎች ጠቃሚ ውህዶች ይለውጣል። ብርሃኑን የሚቀበልለት ሌላ ረዳት ውህድ አያሻውም። መድኃኒት ለማምረት ዘወትር የሚያገለግሉ ብዙ ሟሚዎች የሠራተኛውን ጤና ስለሚጎዱ፣ በውሃ መተካታቸው ትልቅ ጥቅም አለው።

ሆኖም ውሃ መሟሚያ መሆኑ ብቻውን ሂደቱን ከጉዳት ነጻ አያደርገውም። ኦክስጅን ሰጪው ኬሚካል በሂደቱ ያልቃል፤ ብርሃኑ ከመብራት የሚመጣ ከሆነ ኤሌክትሪክ ይፈጃል፤ ጽኑው ክላስተርም ከፍሳሽ ጋር ቢወጣ በቀላሉ አይፈርስም። ስቶክን ለሕመም የዳረገው የሚያጠናው ጋዝ ሳይሆን ከጋዙ የሚጠብቀው መሣሪያ ነበር። ስለዚህ አዲስ ካታሊስት ወደ ፋብሪካ ሲገባ የሥራ ጤና ባለሙያው ከውህዱ ጋር መሣሪያውን፣ የአየሩን ሁኔታና የፍሳሹን መድረሻ አብሮ መመርመር ይገባዋል።