ጃንሆይ ሀገር ከድተዋል? ከጎጀብ ወንዝ ዳር ሲታይ

ከጅማ ወደ ቦንጋ የሚሄድ መንገደኛ ጎጀብን ሳይሻገር አይደርስም። ሰሞኑን እኔም ተሻግሬው ነበር። ቦንጋ ገብቼ ቡና ይዤ ቁጭ ስል፣ አጠገቤ ያሉ ወጣቶች አንድ መሪ ከጎረቤት ሀገር ጋር ስላደረገው ድርድር ይከራከራሉ። አንዱ «ባንዳ ነው» አለ። ሌላው «ባንዳስ ያኛው ነበር» ብሎ መለሰለት። ክርክሩ እዚያው አለቀ። ያ ቃል ከተነገረ በኋላ ምን ይጨመራል?

የእኔ ሐሳብ ግን ወደ ተሻገርኩት ወንዝ ተመለሰ። ልዑል ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ለጣልያን እጃቸውን የሰጡት እዚያው ጎጀብ አካባቢ ነው። ራስ እምሩ የንጉሠ ነገሥቱ የአክስት ወይም የአጎት ልጅ ብቻ የሚባሉ ሰው አልነበሩም፤ ጃንሆይ ሀገር ለቀው ሲወጡ እንደራሴ አድርገው የተዉአቸው ናቸው። ስለዚህ ጎጀብ ላይ ቆሞ አንድ ጥያቄ አለመጠየቅ አይቻልም፦ ጠላት ሲመጣ ሀገሩን ለቆ የሄደ መሪ ከሃዲ ነው?

ነገሩን ከሥሩ እንየው። የማይጨው ጦርነት መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በሽንፈት ተጠናቀቀ። ሚያዝያ 24 ንጉሠ ነገሥቱ ከአዲስ አበባ በባቡር ወደ ጅቡቲ ወጡ። ከሦስት ቀን በኋላ የጣልያን ጦር ዋና ከተማዋን ያዘ። ከመሄዳቸው በፊት መሳፍንቱና መኳንንቱ ተማክረዋል። አብዛኞቹ ጄኔቫ ሄደው ለዓለም መንግሥታት ማኅበር አቤት ይበሉ አሉ። ጥቂቶቹ፣ ከነሱም ብላታ ታከለ ወልደ ሐዋርያት፣ ንጉሥ ከሀገሩ አይወጣም፣ ወደ ምዕራብ ወርደን እንዋጋ ብለው ተቃወሙ።

የተቃዋሚዎቹ መከራከሪያ ቀላል አልነበረም። ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ወደቁ። ዮሐንስ መተማ ላይ ወደቁ። ምኒልክ አድዋ ድረስ ዘመቱ። በዚያ ትውልድ ዓይን ንጉሥ ወይ ያሸንፋል ወይ ይሞታል፤ ሦስተኛ መንገድ የለም። ጃንሆይ የመረጡት ያንን የሌለውን ሦስተኛ መንገድ ነበር።

የራስ እምሩ ሰዎች ደግሞ ዋጋውን ከፈሉ። ከጎሬ ተነስተው ከጥቁር አንበሳ ማኅበር ጋር ሲንቀሳቀሱ፣ አብረዋቸው የሆለታ የጦር ትምህርት ቤት ወጣቶችና ከጣልያን ጦር ከድተው የመጡ ኤርትራውያን ነበሩ። ልብ በሉ፤ እነዚህ ኤርትራውያን ለጣልያን ከሃዲዎች፣ ለእኛ አርበኞች ናቸው። ጦሩ ተከቦ፣ ስንቁና ጥይቱ ተሟጦ፣ ጎጀብ ላይ ቆመ። ራስ እምሩ እስረኛ ሆነው ወደ ጣልያን ተወሰዱ፤ ከእጃቸው መስጠት በኋላ በነበሩት ወራት ከሆለታ ወጣቶች የተረሸኑ አሉ። እነዚህ ልጆች «ንጉሣችን የት አለ?» ብለው ቢጠይቁ ማን ይፈርድባቸዋል?

እንግዲህ ክህደት ነው? እኔ አይደለም ባይ ነኝ። ምክንያቴን ላስረዳ።

ክህደት ሽንፈት አይደለም፣ ፍርሃትም አይደለም። ክህደት አውቆና አስቦ ለጠላት መሥራት ነው። ጃንሆይ ለጣልያን አልፈረሙም፣ ዙፋናቸውንም አልለቀቁም። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቫ ቆመው የመርዝ ጋዙን ለዓለም ተናገሩ። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ በኩል ተመልሰው ገቡ። ተሸንፎ እጅ የሰጠው ራስ እምሩም፣ ተሰዶ አቤት ያለው ንጉሥም ሀገራቸውን ለጠላት አልሸጡም።

ፈረንሳይን እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1940 ጀርመን ስትገባ ጄኔራል ደ ጎል ወደ ለንደን ሄዱ፤ ማርሻል ፔታን ሀገር ውስጥ ቀሩ። የፔታን መንግሥት ደ ጎልን በሌሉበት በክህደት ሞት ፈረደባቸው። በ1945 ደግሞ ሞት የተፈረደበት፣ በክህደት፣ ፔታን ሆኑ። የሄደው አልከዳም፤ የቀረው ግን ከጠላት ጋር ሠራ። መሄድና መቅረት መለኪያ እንዳልሆነ ከዚህ በላይ ማስረጃ የለም።

የእኛው ፕሬዚዳንት መንግሥቱ ኃይለ ማርያምም ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. ሀገር ለቀው ወጡ። ፍርድ ቤት በ1999 ዓ.ም. ጥፋተኛ ያላቸው ግን በመሸሻቸው ሳይሆን በገዛ ሕዝባቸው ላይ በፈጸሙት ዘር ማጥፋት ነው።

ሆኖም «ከሃዲ አይደሉም» ማለት «አይጠየቁም» ማለት አይደለም። የጃንሆይ ትልቁ ዕዳ ከመሄዳቸው ይልቅ ከመመለሳቸው በኋላ ያለው ነው። ለጣልያን ያደሩት ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ከስቅላት ተርፈው አዲስ አበባ ውስጥ በቁም እስር ኖሩ። አምስቱን ዓመት ጎጃም ውስጥ ጣልያንን ሲዋጋ የነበረው በላይ ዘለቀ ግን በአመፅ ተከስሶ በ1937 ዓ.ም. ተሰቀለ። ብላታ ታከለም ደጋግመው ታስረው፣ በ1962 ዓ.ም. ከመንግሥት ኃይል ጋር ሲታኮሱ ሞቱ። ማን ከዳ፣ ማን ታመነ ብሎ የሚፈርደው ዙፋኑን የያዘው ሆነ ማለት ነው።

ይህ ደግሞ የሕጉም መልክ ነበር። የ1923ቱ ሕገ መንግሥት የንጉሠ ነገሥቱን አካል ቅዱስ፣ ክብሩን የማይደፈር ብሎ ደንግጓል። በዚያ ሥርዓት ሰው ንጉሡን ሊከዳ ይችላል፤ ንጉሡ ሕዝቡን ከድቷል ብሎ የሚከስስበት በር ግን የለም። በር ሲዘጋ የሚቀረው ስድብ ወይም ጠመንጃ ነው። ብላታ ታከለ ሁለተኛው ላይ ደረሱ።

ካፋ ላይ ቆሞ ለሚያስብ ሰው ነገሩ ሌላም ገጽ አለው። በ1889 ዓ.ም. የምኒልክ ጦር፣ ከጅማው አባ ጅፋር ሰዎች ጋር ሆኖ፣ በካፋው ንጉሥ በታቶ ጋኪ ሸሮቾ ላይ ሲዘምት፣ ለካፋ ባዕድ ጠላቱ ያ ጦር ነበር። ታቶ ጋኪ ለወራት ተዋግተው ተያዙ፤ በግዞትም ሞቱ። ከአርባ ዓመት በኋላ የኢትዮጵያ እንደራሴ የመጨረሻ መጠጊያ ያደረገው ያንኑ አካባቢ ነው። በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ «ሀገር» እና «ባዕድ» የሚባሉት ቦታ ተለዋወጡ። ያኔ የተዋጋ አንድ የካፋ ሽማግሌ በ1929 «ከሃዲ» የሚለውን ቃል ቢሰማ፣ መጀመሪያ «የማን ሀገር?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም ነበር።

ቦንጋ ያገኘኋቸውን ወጣቶች ልመልስላቸው የምፈልገው ይህንን ነው። ዛሬም መሪ ከጎረቤት ጋር ሲታረቅ ከሃዲ፣ ሲጣላ ከሃዲ ይባላል። ቃሉ ሲበዛ ይረክሳል፤ እውነተኛው ከሃዲ የመጣ ዕለት የምንጠራበት ስም እናጣለን። ከመፍረዳችን በፊት ሦስት ነገር እንጠይቅ፦ ምን ፈረመ? ማን ተጠቀመ? ለማን መልስ ሰጠ? የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ክህደትን ይለያሉ። ሦስተኛው ግን ለማንኛውም መሪ፣ ላልከዳውም ጭምር፣ የሚቀርብ ጥያቄ ነው።

የጎጀቦቹ ልጆች ይህን ሦስተኛ ጥያቄ የሚያቀርቡበት ሸንጎ አልነበራቸውም። እኛስ አለን?