የማስተካከያዎች ብዛትና የግኖም ክርክር

ለአንድ ፕሮግራም አንድ ተጨማሪ ማስተካከያ መስጠት ለመሐንዲሱ ቀላል ነው። ጥቂት መስመር ኮድ ጽፎ በማስተካከያው መስኮት ላይ ምልክት የሚደረግባት አንዲት ሣጥን ይጨምራል፤ ጠያቂውም አመስግኖ ይሄዳል። ዕዳው የሚታወቀው ውሎ አድሮ ነው። ለዚህም የግኖም ታሪክ ግልጽ ማስረጃ ይሆናል።

ግኖም በሊኑክስ ለሚሠሩ ኮምፒዩተሮች የመስኮቶችን ገጽታ የሚያቀርብ፣ ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነ የጋራ ሥራ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1997 ሚጌል ዴ ኢካሳና ፌዴሪኮ ሜና ጀመሩት (ዓመታቱ ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሊለዋወጥ የማይችል ነገር አልነበረም ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም። የመስኮቶቹን ጠርዝና እንቅስቃሴ የሚቈጣጠረው ሶውፊሽ የተባለው ክፍል እንኳ በሊስፕ መሰል ቋንቋ ጠባዩ እንደ አዲስ ሊጻፍ ይችል ነበር። ይህ ለሠሪዎቹ ደስታ ነበር። ሰን ማይክሮሲስተምስ በ2001 ባወጣው የተጠቃሚዎች ጥናት ግን ብዙ ግራ የሚያጋቡ ነገሮች ተገኙ።

በ2002 የሬድ ሃት መሐንዲስ ሃቮክ ፔኒንግተን ባወጡት ጽሑፍ፣ እያንዳንዱ ማስተካከያ ዋጋ የሚያስከፍል መሆኑን አስረድተው ተከራከሩ። ማስተካከያው በበዛ ቍጥር የሚፈለገው አይገኝም፤ አንዳንዱም ስሕተትን ለማረም ሳይሆን ለመሸፈን የገባ ነው። ነገሩን በስሌት መመርመር ይቻላል። እያንዳንዳቸው ሁለት አማራጭ ያላቸውና እርስ በርስ የማይያያዙ 10 ማስተካከያዎች 1,024 ልዩ ልዩ ሁኔታዎችን ይፈጥራሉ፤ 20 ሲሆኑ 1,048,576 ይደርሳል። ይህን ሁሉ የሚሞክር ፈታኝ ከየት ይመጣል? በዚያው ዓመት በጁን ወር የወጣው ግኖም 2 በዚህ አሳብ ተመርቶ አያሌ ማስተካከያዎችን ቀነሰ።

የተቀነሰው ሁሉ ግን አልጠፋም። ከፊሉ ጂኮንፍ ወደሚባለው መዝገብ ገባ፤ እዚያ ለመድረስም የቍልፉን ስም ማወቅ ግድ ነበር። በ2004 የወጣው 2.6 ዕትም እያንዳንዱን ፎልደር በየራሱ መስኮት የሚከፍት አሠራር ይዞ ሲመጣ፣ የቀድሞውን የፈለገ ሰው ይህንኑ መዝገብ መጐርጐር ነበረበት። አሠራሩ ራሱ በ2010 በ2.30 ዕትም መደበኛነቱ ቀረ።

የሊኑክስ መሥራች ሊኑስ ቶርቫልድስ በ2005 የማተሚያውን መስኮት የአማራጭ ጉድለት አንሥተው፣ ሰዎች ተፎካካሪውን ኬዲኢን እንዲይዙ በይፋ መከሩ። በ2007 ደግሞ የማውዝ አዝራሮች በመስኮት ርእስ ላይ የሚፈጽሙትን ተግባር ለመምረጥ የሚያስችል ኮድ ራሳቸው ጽፈው ላኩ፤ ከወቀሳው ይልቅ ይህ ሳይጠቅም አልቀረም።

ቅነሳው በመሠረቱ ትክክል ነበር። ጉድለቱ የጣዕምን ጥያቄ ከሥራ ጥያቄ ሳይለዩ ማስወገድ ነው። የመስኮት ጠርዝ ቀለም የጣዕም ነገር ነው፤ አንድ ማተሚያ በወረቀቱ ሁለት ገጽ እንዲያትም ማዘዝ ግን የሥራ ጉዳይ ነው።

በ2011 ግኖም 3 መስኮት ዝቅ የሚያደርገውን አዝራር ጭምር አንሥቶ ወጣ። ወዲያውም የተነሡትን ማስተካከያዎች የሚመልስ ትዊክ ቱል የተባለ ለብቻው የሚጫን ፕሮግራም ተሠራለት። ያልረኩትም ማቴ የተባለውን ቅርንጫፍ አቋቋሙ፤ የቀጠሉትም፣ ከዓመታት በፊት ምርጫ ነፈገን ተብሎ የተወቀሰውን ያንኑ ግኖም 2ን ነበር።